ዳማ አመለኛ አልነበረም

ዛሬ ጠዋት ከወንጂ መንገድ ስመለስ ኮርቻውን አወረድኩና ዝም ብዬ የፈረሴን የዳማን ጀርባ ማየት ጀመርኩ። ላቡን ነው የማየው። ግራና ቀኙ እኩል ረጥቧል። መሃል አከርካሪው ላይ አንድ ረዘም ያለ ደረቅ መስመር አለ፤ እሱ መኖር ያለበት ነው፣ አየር የሚያልፍበት። ከዚያ ውጪ ደረቅ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። አምና ቢሆን ይህን ላብ ከቁም ነገር አልቆጥረውም ነበር። አጥቤው፣ ጭዱን ሰጥቼው ወደ ሥራዬ እሮጥ ነበር።

ዳማን የገዛሁት አምና ከመስቀል በኋላ ነው፤ ከኢተያ በኩል ከመጣ ገበሬ። አርሲ ውስጥ ፈረስ እንደ ቤተሰብ ነው። ሻጩ ሲለየው አንገቱን ሁለቴ ነው ያሸው። «የዋህ ነው፣ ሕፃን ይጋልበዋል» አለኝ። ጋሪ መጎተቱንም አልደበቀኝም። ቁመቱ ጋማው ሥር ሲለካ 1 ሜትር ከ32 ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ጀርባው አጭር፣ ጎኑ እንደ በርሜል ክብ። ጋማው አልቆ ጀርባው በሚጀምርበት ቦታ ሌላ ፈረስ ላይ የምናየው ጉብታ እሱ ላይ የለም። ሜዳ ነው። ኮርቻ የሚይዝበት ነገር ከሌለ ወደ ጎን እንደሚንሸራተት ያኔ አላውቅም። የግራ ትከሻው ከቀኙ ወፍራም እንደሆነም አላየሁም። ያየሁት ቀለሙንና ግንባሩ ላይ ያለችውን ቦራ ብቻ ነው። ስም ለማውጣትም ብዙ አልተጨነቅኩም።

ኮርቻው የመጣው ለገና ነው። ልጅ ሆነን አዳማ ቪዲዮ ቤት እየገባን የካውቦይ ፊልም ያላየ የእኔ ዘመን ልጅ አለ? ፊቱ ላይ ቀንድ ያለው፣ ቆዳው የተቀረጸ፣ እርካቡ ሰፊ የሆነ ኮርቻ ሕልሜ ነበር። ዳላስ ያለው ታናሽ ወንድሜ ሊጠይቀን ሲመጣ አንድ ያገለገለ ኮርቻ ገዝቶ ይዞልኝ መጣ። ኮርቻው ብቻውን 16 ኪሎ ነው። ከሁለቱ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች አንዱ ለእሱ ሄደ። እማዬ «ሽቶና ጫማ የሚመጣበት አገር ሄደህ ኮርቻ ተሸክመህ መጣህ?» ብላ አዘነችበት።

ወንድሜ ሲገዛው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእኔን ልክ። የመቀመጫው ልክ 15 ኢንች እንዲሆን ተስማማን። ለእኔ ልክክ አለ። ስለ ዳማ ማንም ምንም አልጠየቀም።

የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። ከዚያ ፈረሱ ተለወጠ። ኮርቻውን ይዤ ስመጣ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል። ጠፍሩን ሳጠብቅ ሆዱን ይነፋል፣ ዞሮ ክንዴን ሊነክስ ይሞክራል። ቁልቁለት ላይ ይቆማል። ሶምሶማው አጥሮ እንደ ፍየል መርገጥ ጀመረ። እኔ ደግሞ ምን አልኩ? አመል አወጣ። ገበሬው ሸወደኝ። ጠንከር ያለ ልጓም ገዛሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል። ተረቱ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል። እኔ ገለበጥኩት፤ ጥፋቱ የዳውላው ሆኖ ሳለ አህያውን ስቀጣ ከረምኩ።

ኮርቻው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ጠፍሩን አጠብቃለሁ። ጀርባውን እንዳይጎዳው ብዬ ደግሞ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፍ ደልዳል እጨምራለሁ። መጀመሪያ አንድ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ሁለት፣ በኋላ ስፖንጅ። በጨመርኩ ቁጥር ኮርቻው ከፍ ብሎ ይበልጥ ይወዛወዛል። አንድ ቀን የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ወደቆሙበት ኮረብታ ስወጣ የአዳማ ንፋስ ፌስታል አብርሮ አመጣ። ዳማ ወደ ጎን ዘለለ። ኮርቻው ከነእኔ ዞሮ ሆዱ ሥር ገባ። መሬት ላይ ተኝቼ ወደ ላይ ሳይ የማየው የሚዞረውን ክንፍና የፈረሱን ሆድ ነው። ሌላ ፈረስ ቢሆን ረግጦኝ ይሄድ ነበር። ዳማ ቆሞ ጠበቀኝ። አመለኛ ያልኩት እሱን ነው እንግዲህ።

እያነከስኩ ስመለስ ያየኝ የሰፈራችን ባለ ጋሪ ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ ከባጃጅ በፊት ከተማው የጋሪ በነበረበት ዘመን ጀምረው የሠሩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ኮርቻውን አስወረዱኝ። ሁለት ደረቅ ቦታዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የሲኒ ማስቀመጫ የሚያካክሉ፣ ከትከሻው ጀርባ ግራና ቀኝ። ዙሪያው በላብ ርሷል፣ እነሱ ግን ደርቀዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ያላላበው ቦታ ነው ጋሼ።»

«ለምን አላላበውም?»

ዝም አልኩ።

«ተጨፍልቆ ነው። ገጣባ ልታደርገው ነው፣ ልጄ። ይሄ ኮርቻ የተገዛው ላንተ ነው ለሱ?»

ገጣባ የሚለውን ቃል ከአያቴ ስድብ ውስጥ ነበር የማውቀው። ጀርባው በጭነት የተላጠ ከብት ማለት እንደሆነ ያን ቀን ነው በደንብ የገባኝ።

በሳምንቱ ከቢሾፍቱ አንድ የእንስሳት ሐኪም አስመጣሁ። ሁለት ጣቱን አከርካሪው ዳር ዳር እያደረገ ከትከሻ ወደ ወገብ ጫን ጫን እያለ ወረደ። ትከሻው ጀርባ ጋ ሲደርስ ዳማ ጀርባውን ሸሸት አድርጎ ዝቅ አለ። እኔ በማሰሪያው ይዤዋለሁ፤ አይኑን አየሁት። ሐኪሙ ስለ ላቡም አንድ ነገር ነገረኝ። ደረቅ ቦታ ሁልጊዜ ተጫነ ማለት አይደለም። ኮርቻው ጨርሶ ስላልነካውም ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ በእጅ መዳሰስ ግድ ነው። የእኛ ግን ተጭኖ ነው፤ ሲዳሰስ ያማል። ጸጉሩ በኋላ ነጭ ሆኖ ሊበቅል እንደሚችል አስጠነቀቀኝ፤ ግፊቱ ለጸጉሩ ቀለም የሚሰጠውን ሥር ከገደለው አይመለስም። እንዳለውም ሆነ። ዛሬ በግራ በኩል የብር ሳንቲም የምታህል ነጭ ምልክት አለችው። በየቀኑ ሳበጥረው አያታለሁ።

ሁለት ወር አሳረፍኩት። በዚያ ጊዜ ነው ኮርቻው እንዴት እንደተሠራ ያጠናሁት።

የካውቦይ ኮርቻ ከቆዳው ሥር አጽም አለው። ብዙ ጊዜ እንጨት ነው፣ ጥሬ ቆዳ በእርጥቡ ተወጥሮ የደረቀበት። ሁለት ረጃጅም ሰሌዳዎች በአከርካሪው ግራና ቀኝ ይተኛሉ። ፊት ላይ ቀንዱን የያዘው እንጨት፣ ኋላ ላይ ደግሞ የመቀመጫው መደገፊያ ያገናኛቸዋል። አሜሪካኖቹ አጽሙን ትሪ፣ ሰሌዳዎቹን ባር ይሏቸዋል። ወንድሜ በስልክ «ትሪው ጠብቦት ነው፣ ሰፊ ባር ነው የሚያስፈልገው» ሲለኝ እማዬ ከጓዳ ሰምታ «ምን የቀረበበት ትሪ ነው? ደግሞስ ፈረስ ባር ይገባል?» አለች። እስከ ዛሬ እንስቅባታለን።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው አልገረማቸውም። ቤታቸው ወሰዱኝና ከጣራ ሥር የአባታቸውን ኮርቻ አወረዱ። አቧራ ለብሷል፣ ቆዳው ተሰነጣጥቋል። በዚያ ስንጥቅ እንጨቱ ይታያል። ሁለት ሰሌዳ፣ ፊትና ኋላ ማገናኛ፣ መሃሉ ክፍት። ያው ነገር! ቀንዱ ብቻ ነው የሌለው። የአሜሪካኖቹ ኮርቻ ከስፔን በሜክሲኮ በኩል የሄደ ነው፤ ቀንዱም በገመድ የጠለፉትን ከብት ለማሰር። እኔ የቦምቦሊኖ ፌስታል ነው የማንጠለጥልበት።

የእኔ ኮርቻ ችግር ግልጽ ሆነልኝ። ሰሌዳዎቹ እንደ ጠባብ የቤት ጣራ ቁልቁል የቆሙ ናቸው፣ የዳማ ጀርባ ደግሞ እንደ ጠፍጣፋ ጣራ ነው። ስለዚህ ጠርዛቸው ብቻ ነው የሚነካው። ርዝመታቸውም ሌላ ጣጣ ነው። ክብደት ማረፍ ያለበት ከትከሻው አጥንት ጀርባ እስከ መጨረሻው ጎድን ባለው ቦታ ነው። የኔው ኮርቻ ከዚያ አልፎ ሽንጡ ላይ ይደርሳል። እሱን ለመሸሽ ወደ ፊት ሳመጣው ደግሞ ትከሻው ላይ ይወጣበታል፤ ፈረስ ሲራመድ የትከሻው አጥንት ወደ ኋላ ስለሚንቀሳቀስ በእያንዳንዱ እርምጃ እንጨት ይመታዋል ማለት ነው። በደልዳል መከመሬን ጋሼ በአንድ አባባል ጨረሱት፦ «ጫማ ጠበበኝ ብለህ ሁለት ካልሲ ታደርጋለህ?»

አሜሪካ ኳርተር ሆርስ ለሚባል የፈረስ ዝርያ ተብሎ የተሠራ ሰፊ ባር አለ። ለአረብ ፈረስ የሚሠራም አለ፤ አጠር ያለ፣ ሰሌዳው ዘርጋ ያለ። ግን መጠሪያው ከአንዱ ሠሪ ወደ ሌላው ይለያያል፤ በስም ብቻ መግዛት አያዋጣም። ዳማ አዳማ፣ ኮርቻው ዳላስ። እንዴት ይለካካሉ?

መፍትሔው ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጎረቤቴ መጣ። ወፈር ያለ የመዳብ ኬብል ቁራጭ ሰጠኝ፣ ተጣምሞ የማይመለስ። ዳማን ደልዳላ መሬት ላይ አቆምኩት። ኬብሉን ከትከሻው ጀርባ አስቀምጬ ጎኑ ላይ በእጄ ጫን ጫን አድርጌ ቅርጹን አስያዝኩት። ቀስ ብዬ አንስቼ የፓስታ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ አሰመርኩ። ከዚያ መሃል ጀርባው፣ ከዚያ የመጨረሻው ጎድን አጠገብ። አንዱን ደግሞ በርዝመቱ። የመጀመሪያውን ሦስቴ ነው የደገምኩት፤ ዝንብ በመጣ ቁጥር ቆዳውን ያንቀጠቅጣል። ካርቶኑ ላይ የግራና የቀኙን መስመር ሳስተያይ የትከሻው ልዩነት ወጣ። ለካ ዓመቱን ሙሉ አጠገቡ ቆሜ አላየሁትም!

ማስመሪያ አጠገቡ አድርጌ ፎቶ አነሳሁና በቴሌግራም ላክሁ። ወንድሜ በልኩ አትሞ ከካርቶን ቆረጠው። የሠራ ሰው እሁዱን የሚያርፍበት አገር ላይ የኔ ወንድም የፈረስ ጀርባ በብብቱ ይዞ አሮጌ ኮርቻ ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረ። ኮርቻውን ይገለብጣል፣ ካርቶኑን ሰሌዳው ላይ ያስቀምጣል፣ ክፍተቱን ፎቶ ያነሳል። ስድስት ኮርቻ ወደቀ። አንዱ በጣም ያምር ስለነበር «ይሁን፣ እሱን ግዛው» ልል ቃጣኝ። ካርቶኑ መሃል ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ፊትና ኋላ ብቻ የሚነካ፣ እንደ ድልድይ። ተውኩት። ሰባተኛው ቆዳው የተፋቀ፣ ጫፉ ክብ፣ አጭር፣ 11 ኪሎ ብቻ የሆነ አስቀያሚ ነገር ነው። ካርቶኑ ግን ተኛለት። ትንሽ ሰፋ ይላል። ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ሰፋ ያለውን ያምጣ» አሉ። «የሰፋውን በደልዳል ትሞላዋለህ። የጠበበውን ምን ታደርገዋለህ?»

መስከረም ላይ የመጣ የሰፈራችን ልጅ ሻንጣውን ሰዋልኝ። ውለታው አለብኝ።

ኮርቻው እንደደረሰ ያለ ደልዳል ዳማ ላይ አኖርኩት። መጀመሪያ ወደ ፊት፣ ከዚያ ራሱ እስኪያርፍ ወደ ኋላ ሳብ። ፊት ለፊት ከአከርካሪው በላይ ሦስት ጣት ይገባል። እጄን ከሰሌዳው ሥር ሰድጄ ከፊት እስከ ኋላ አሻሸሁ። እኩል ይጫነኛል። ቀኝ ትከሻው ጋ ብቻ ክፍት ነው፤ ቀጭኑ በዚያ በኩል ስለሆነ። ስለዚህ ለወፍራሙ በኩል የሚበቃውን ኮርቻ ይዘን ለቀጭኑ ሙሊት ማበጀት ነበረብን። እማዬ አሮጌ የመንዝ ባና ነበራት። የበግ ጸጉር ነው፣ ላብ ይጠጣል፣ እንደ ስፖንጅ አይሟሟቅም። አንድ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ለመንኳት። «ለፈረስ?» አለችና መቀሱን ራሷ አመጣች።

እና ዛሬ። ጠፍሩን ሳስር ዳማ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣል አደረገ። ከልማዱ ነው፤ ሕመሙ ቢሄድም ፍርሃቱ ገና አለ። ቀስ አድርጌ፣ በሦስት ጊዜ አጠበቅኩት። አልዞረም። የሸንኮራ ማሳው ዳር ስንደርስ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ቁልቁለቱን ሳልነግረው ወረደ።

ላቡን ቆሜ ሳይ ጋሼ ደረሱ። ዞረው አዩት፣ ባናው የነበረበትን ቦታ በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ክረምቱን ሳር በልቶ ወፍሯል። በጋው ሲገፋ ይከሳል፣ ያኔ ደግመህ ለካው» አሉኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ያንጠለጠልኩትን ኬብል አይተው ትንሽ ዝም አሉ።

«ያቺን ሽቦ ነገ ታውሰኛለህ? የኔው ፈረስ ጀርባ ላይ አንዲት ደረቅ ቦታ አለች።»