ሂዩም እና በቀቀኑ

ዴቪድ ሂዩምን ማንበብ ስጀምር የጠበኩት ፊቱን ቋጥሮ የሚጽፍ ደረቅ ፈላስፋ ነበር፣ ያገኘሁት ግን ወፈር ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ መብላት የሚወድ ስኮትላንዳዊ ነው። በ1711 ኤደንብራ ተወለደ (አመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ቤተሰቦቹ ህግ እያጠና ሲመስላቸው እሱ ተደብቆ የጥንት ሮማ ጸሐፊዎቹን ሲሴሮና ቨርጂልን ያነብ ነበር። በኋላ ፈረንሳይ ሄዶ ላ ፍሌሽ የምትባል ትንሽ ከተማ ቁጭ ብሎ ስለ ሰው ተፈጥሮ ትልቁን መጽሐፉን ጻፈ፣ በ1739 ሲታተም ገና 30 እንኳን አልሞላውም፣ ግን ማንም ዞር ብሎ አላየለትም። ራሱ መጽሐፌ ከማተሚያ ቤቱ ሞቶ ነው የተወለደው ብሎ ቀልዶበታል።

ሀሳቡ ምን መሰላችሁ፣ አንድ የፑል ኳስ ሌላውን ሲመታው ሁለተኛው ይሄዳል አይደል፣ እኛም የመጀመሪያው አስኬደው እንላለን። ሂዩም ግን ቆይ እስቲ፣ በአይንህ ያየኸው ምንድነው ይላል። አንዱ መጣ፣ ነካው፣ ሌላው ሄደ፣ በቃ። "ማስኬድ" የሚባለውን ነገር ማንም አላየውም፣ 100 ጊዜ ስላየን ለምዶብን ነው 101ኛውንም የምንጠብቀው። ነገ ፀሐይ ትወጣለች የምንለውም ያው ልማድ ነው። እስከዛሬ ወጥታ የለ እንዴ ብትሉት፣ ያለፈው ለወደፊቱ ይሰራል የሚለውን ነው እኮ አረጋግጡ የተባላችሁት፣ መልሳችሁ እሱኑ ማስረጃ አረጋችሁት። እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተንጎራደድኩ። ደግነቱ እሱም ራሱ ጭንቅላቱ ሲዞርበት ራት በልቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ባክጋሞን የሚባል የገበታ ጨዋታ ተጫውቶ ሲመለስ ጥርጣሬው ሁሉ አስቂኝ ይሆንበት እንደነበር ጽፏል።

ጀርመናዊውን ፈላስፋ ካንትን ከሀሳብ እንቅልፉ የቀሰቀሰው ይሄ ሰውዬ ነው። የኤደንብራም የግላስጎውም ዩኒቨርሲቲዎች ግን ሃይማኖት የለውም ተብሎ ፕሮፌሰርነት ከለከሉት።

እና እንዲህ ወድጄው ሳለሁ ነው ስለ ህዝቦች ባህሪ በጻፈው ላይ በ1750ዎቹ የጨመራትን የግርጌ ማስታወሻ ያየሁት። ጥቁሮች በተፈጥሯቸው ከነጭ ያንሳሉ ብዬ እጠረጥራለሁ ይላል። ጃማይካ ውስጥ አንድ የተማረ ጥቁር አለ ሲሉ ሰምቷል፣ ለሱ ደግሞ መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጥቂት ቃል አጥርታ እንደምትናገር በቀቀን ሳይሆን አይቀርም! ካላየኸው አትደምድም ያለን ሰው እኮ ነው፣ በወሬ ብቻ የሰማውን ሰው በወሬ አጣጣለው። ዘመኑ ነው የሚል ሰው አይጠፋም፣ ግን በዛው ዘመን፣ በዛው ስኮትላንድ፣ ጄምስ ቢቲ የሚባል ሰው በ1770 ባሳተመው መጽሐፍ ይሄ ድምዳሜ ማስረጃ የለውም ብሎ ሞግቶታል።

ሂዩም በ1776 ነሐሴ ላይ በሆድ ህመም ሞተ፣ ሞቱን ሳይፈራ፣ እየቀለደ ነው አሉ። እስከ መጨረሻው ድረስ ጽሑፎቹን ሲያርም ያቺን ማስታወሻም ነካክቷታል። በቀቀኗን ግን አላወጣትም።