በሁለት ዋሽንት መካከል የወደቀ ዘፈን

የድምፅ ባለሙያ ነኝ፤ ከሙዚቃ ምሽት በፊት የሚነሣ ጭቅጭቅ ብርቄ አይደለም። ይህኛው ግን ማንም ሳያጠፋ የተነሣ ጭቅጭቅ ነበር።

አንድ የወጣቶች ባንድ አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል ለሚቀርብ ዝግጅት የቆዩ ዘፈኖችን ይለማመዳል። መሪያቸው ቅጂዎቹን በቴሌግራም ላከላቸውና እያንዳንዱ ቤቱ ሆኖ አጠና። የዛሬ ልጆች ታድለዋል፤ የድምፁን ከፍታ ሳይነካ ፍጥነቱን በግማሽ የሚቀንስ መተግበሪያ በኪሳቸው አለ። እኛ አንዲት ሐረግ ለመያዝ ካሴቱ እስኪላላ ወደ ኋላ እናጠነጥን ነበር።

ተሰብስበው የመጀመሪያውን ዘፈን ሲጀምሩ ጆሮ የሚቧጥጥ ነገር ወጣ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ክራሩን ወቀሰ። ክራር ደርዳሪው «እኔ የቃኘሁት ከዘፈኑ ጋር ነው» ብሎ ተቆጣ። ቤዝ ጊታር የያዘው ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ መቃኛውን አረንጓዴ መብራት ለሁሉም እያዞረ አሳየ። ሁሉም እውነታቸውን ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው።

ነገሩን የፈቱት ዋሽንት የሚነፉት ጋሼ ናቸው። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ በኋላ እንደ ክራር አይቃኝም፤ ስለዚህ ነፊው ርዝመታቸው የተለያየ ዋሽንቶችን ይዞ ይዞራል። ጋሼ ቅጂውን አስከፍተው አንዱን ነፉ፤ ከዘፈኑ ዝቅ አለ። አጠር ያለውን ነፉ፤ ከፍ አለ። «ልጆቼ፣ ይህ ዘፈን እኔ ቦርሳ ውስጥ የለም። በሁለቱ መካከል ወድቋል» አሉን።

መቃኛውን ለቅጂው ደቀንኩለት። በተለመደው መለኪያ በ440 ሄርዝ ከተቃኘ መሣሪያ ጋር ሲነጻጸር ዘፈኑ 40 ሴንት ያህል ከፍ ብሏል። ሴንት የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው፤ ከአንዱ ኖታ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት፣ ግማሽ ድምፅ የሚባለው፣ 100 ሴንት ስለሆነ፣ የትኛውም ኖታ ላይ አያርፍም ማለት ነው። ሲቀረጽ መሣሪያዎቹ ከፍ ብለው ተቃኝተው ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን የጠረጠርኩት ካሴቱን ነው። የማጫወቻው ሞተር ሲፈጥን ዘፈኑ ይፈጥናል፣ ድምፁም አብሮ ይወጣል። 2.3 በመቶ ያህል መፍጠን ለ40 ሴንት ይበቃል፤ ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ደግሞ ስሕተት በስሕተት ላይ ሊደረብ ይችላል።

ቅጂውን በኮምፒውተር በዚያው መጠን አዘገምኩትና እንደገና ላክንላቸው። ጋሼ የመጀመሪያውን ዋሽንት አነሡ፤ ገጠመ። ክራሩን በተመለከተ መቃኛውን የፈቀድኩት ለመነሻው ክር ብቻ ነው። መሣሪያው የሚያውቀው እኩል የተከፈሉ 12 ድምፆችን ነው፤ አንቺሆዬ የሚባለውን የኛን ቅኝት አያውቅም። ሌሎቹን ክሮች ደርዳሪው በጆሮው ይቃኝ፤ መብራቱ ቀይ ቢሆንም ግድ የለም።

ሁሉም ተስማማ ስንል ድምፃዊቷ አኮረፈች። «ዘፈኑ ሰነፈ። እኔ ያጠናሁት እንዲህ አይደለም» አለች። ልክ ነበረች፤ ያ ፍጥነት አንዴ አካሏ ውስጥ ገብቷል። መሪው «ትክክለኛው ይህ ነው» ብሎ ሊሟገታት ሲል ጋሼ ሳቁ፤ «ደግሞ ማን ሊከሰን ነው?» አሉ። የድምፁን ከፍታ ባለበት ትቼ ፍጥነቱን ብቻ መለስኩላት። በድራመኛው ጆሮ የሚመታውንም የምት መቁጠሪያ በእሷ ልክ አስተካከልኩና ወደ ሁለተኛው ዘፈን አለፍን። እሱም ከካሴት የተገለበጠ ነበር።