ታማሌ ላይ የሺያ ቅቤ ማውጣት እንዴት ተማርኩ

ሰሜን ጋና ውስጥ፣ ታማሌ ከተማ አካባቢ፣ ከመንደር ሴቶች ጋር ሆኜ ከሺያ ዛፍ ዘር የሚወጣውን ስብ፣ የሺያ ቅቤን፣ ማውጣት ተማርኩ። የሄድኩት ለሌላ ሥራ ነበር፤ ቅቤው ግን ያዘኝ። እኛ ዘንድ ሺያን የምናውቀው የፀጉርና የቆዳ ቅባት ሆኖ ነው። እዚያ ግን መጀመሪያ ምግብ ነው። ወጥ ይሠራበታል፣ ይጠበስበታል፣ የሕፃን ገላም ይታሽበታል።

ዛፉን የሚተክል ብዙም የለም። ፍሬ እስኪሰጥ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅ ገበሬው መሬት ሲመነጥር ሺያውን ሳይነካ ያልፈዋል። ክረምቱ ሲገባ ፍሬው ይረግፋል፤ ሴቶቹም ጎህ ሳይቀድ ለቀማ ይወጣሉ። ሣሩ ውስጥ እባብ አለ፤ ቢሆንም ይወጣሉ።

የተለቀመው ዘር ሳይውል ሳያድር መቀቀል አለበት። ከቆየ ይበቅላል፣ ቅቤውም ይበላሻል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። መድረቁን የሚያውቁት ጆሯቸው ሥር ነቅነቅ አድርገው ነው፤ ውስጡ ከቅርፊቱ ተላቆ ከተንኳኳ ደርሷል ማለት ነው። ይፈለፈላል፣ ይለቀማል፣ ይወቀጣል፣ ይቆላል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ከወፍጮ የሚመለሰው የቀለጠ ቸኮሌት የመሰለ ሊጥ ነው።

ዋናው ሙያ ያለው ማሸቱ ላይ ነው። ሊጡ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ይገባና ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ በእጅ ይመታል። ያስተማሩኝ እናት ክንዴን እያዩ «ልጄ፣ በጣትሽ አይደለም፤ ከትከሻሽ ነው» ይሉኝ ነበር። ሊጡ ሲጠጥር ሞቅ ያለ ውሃ፣ ሲላላ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምራሉ። መቼ የትኛው እንደሚጨመር ማንም ቆጥሮ አይነግርሽም፤ እጅ ነው የሚያውቀው። ቡናማው ቀስ በቀስ ይነጣል። ስቡ ወደ ላይ ወጥቶ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል፣ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ከዚያ እሳት ላይ ይነጠራል፣ ይጠለላል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገውን ውሃና ማገዶ የሚሸከሙት ራሳቸው ሴቶቹ ናቸው። ከልፋቱ ግማሹ እዚያ ነው ብል አላጋነንኩም።

ገበያ ስወጣ ደግሞ ሌላ ትምህርት ገጠመኝ። የውጭ ገዢ ነጣ ያለና ሽታ የሌለው ይፈልጋል። የታማሌ ገዢ ግን በጣቷ ቆንጠር ታደርጋለች፣ ታሸታለች፣ ትቀምሳለች። የተቆላው መዓዛ ከሌለ ለወጥ አትወስደውም። በተክል ሥር ቀለም ቢጫ የተደረገውን የሚመርጡም አሉ። ብዙ ሥልጠና ላይ «ጥራት» ሲባል የውጩ ሚዛን ብቻ ይወራል። እኔ በዚህ አልስማማም። የጎረቤት ገዢ ዓመቱን ሙሉ ትመጣለች፤ አፏም የሠለጠነ ነው። ለእሷ የሚሆነውን ቅቤ ማውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ኑሮውን የሚወስነው ደግሞ የሚሸጥበት ጊዜ ነው። ፍሬው የሚረግፈው ጎተራ በተራቆተበት ወቅት ስለሆነ የቸገራት ሴት የደረቀውን ዘር ወዲያው ለደላላ ትሰጣለች፣ ያውም በርካሽ። የሚለካው በኪሎ ሳይሆን በሳህን ነው፤ ሳህኑ ጎድጎድ ካለ፣ ክምሩም ከፍ ካለ ኪሳራው የእሷ ነው። በደንብ የደረቀ ዘር ግን ወራት ይቆያል። በቡድን ሆነው ትንሽ ገንዘብ ያጠራቀሙት ዘሩን አቆይተው ዋጋ ሲወጣ ይሸጡታል፣ ወይም ቅቤ አድርገው ቀስ እያሉ ያወጡታል። ቡድን የሚጠቅመው ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው፤ ማሽኑ ሁለተኛ ነው።

ወደ ውጭ ከሚሄደው አብዛኛው ጥሬ ዘር ነው፤ ብዙው የሚገባውም ቸኮሌት ውስጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከካካዎ ቅቤ ሌላ እስከ 5 በመቶ የተወሰኑ የእፅዋት ስቦችን ይፈቅዳል፤ ሺያ አንዱ ነው። ናይጄሪያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በነሐሴ 2025 ጥሬ ዘር እንዳይወጣ ለስድስት ወር አግዳለች። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ቅቤው አገር ውስጥ ቢወጣ ጥሩ ነው። ግን ዘሯን ዛሬ ሸጣ እህል የምትገዛዋ ሴት ዋጋው ቢወርድባት ማን ይደርስላታል?

ዛፉ እኛም ጋር፣ ጋምቤላ ውስጥ አለ። የምሥራቅ አፍሪካው ዓይነት ነው፤ ቅቤው ለስለስ ይላል። እዚያ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ካለ፣ ማሽን ከመግዛቱ በፊት የአካባቢው እናቶች የሚያወጡትን ቅቤ ጠይቆ ይቅመስ።