ያሸነፈን ሰው ስም

መስከረም 12/2018፣ ጎንደር

የቶኪዮው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ትናንት አለቀ። ሁለት ብር፣ ሁለት ነሐስ። ወርቅ የለም። ሳምንቱን ሙሉ ፒያሳ ላይ ሌላ ወሬ የለም። ባጃጅ ነጂውም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ቡና የሚጠጣውም ሁሉ አሰልጣኝ ሆኗል። እኔም ውስጤ ሲብላላ የሰነበተውን ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

በጣም የከነከነኝ መስከረም 4 ነው፣ እሑዱ። ሌሊት ላይ ትዕግስት አሰፋ በማራቶን ተቀደመች። ኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር 2:24:43፣ ትዕግስት 2:24:45። ያን ሁሉ መንገድ ተሮጦ ሁለት ሰከንድ! ከሰዓት ደግሞ 9፡30 ላይ የወንዶች 10 ሺህ ሜትር ነበር። ሰንበት ስለሆነ ካፌው ግጥም ብሎ ሞልቷል። ዮሚፍ ቀጀልቻ መጨረሻው ቀጥታ ላይ ሲወጣ ወንበር ላይ የቀረ ሰው አልነበረም። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው መጣ። 28:55.77 ለእሱ፣ 28:55.83 ለዮሚፍ። ልዩነቱ የሰከንድ ስድስት መቶኛ ነው።

«ተበላን!» አለ አንዱ። «ይሄ ርቀት እኮ የኛ ነው!» አለ ሌላው። ከዚያ ወረደበት። ዮሚፍ ለምን ቀድሞ አልወጣም፣ ለምን አልተጋገዙም፣ አሰልጣኙ ማነው፣ ማን ነው የመረጣቸው። ስልካቸውን አውጥተው ስድብ የሚጽፉም ነበሩ።

የኛ ነው ማለታቸው ይገባኛል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10 ሺህ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ቀነኒሳ በቀለም አራት ጊዜ። ከእነሱ በኋላ ኢብራሂም ጄይላን እ.ኤ.አ. በ2011 ዴጉ ላይ ሞ ፋራህን ቀድሞ አሸነፈ። በዓለም ሻምፒዮና በወንዶች 10 ሺህ የመጨረሻው ወርቃችን ያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስቴ ሞ ፋራህ፣ ሦስቴ ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ወስደውታል። ልባችን ግን ገና ከኃይሌና ከቀነኒሳ ዘመን አልወጣም። ስለዚህ በየጊዜው እንደ አዲስ እንደነግጣለን።

እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ሲወራ ያሸነፈውን ሰው ስም የጠራ አልነበረም። «ያ ፈረንጅ» ነው የተባለው። ሰውየው ጂሚ ግሬሲየ ይባላል፣ ፈረንሳዊ ነው። ሩጫው ቀርፋፋ ነበር። ዮሚፍ 10 ሺህን በ26 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ የሮጠ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ወደ 29 ደቂቃ ተጠግቶ ነው ያለቀው። እንዲህ ሲሆን ነገሩን የሚቆርጡት የመጨረሻዎቹ ሜትሮች ናቸው፤ ግሬሲየ ደግሞ ለእነሱ አቅሙን ቆጥቦ ጠብቋል። ይህ ስርቆት አይደለም። ሥራ ነው፤ በልምምድ የመጣ።

ሽንፈትን እንዲህ ማየት የተማርኩት ከአትሌቲክስ አይደለም። ከራግቢ ነው። አዎ፣ ጎንደር ውስጥ፣ ከራግቢ።

መስከረም 8/2008 ነበር፣ ቅዳሜ። ያኔ ከተማችን በእንግዳ የተሞላች ነበረች። እኔም አስጎብኚ ነኝና ሥራ በሥራ ነበርኩ። የዚያን ቀን ሦስት ደቡብ አፍሪካውያን ይዣለሁ፦ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ አዛውንት፣ ከኬፕ ታውን የመጡ መምህርት፣ እና የአዛውንቱ የወንድም ልጅ። ጠዋት ፋሲል ግንብን አየን። ከሰዓት ግን ቀልባቸው እኔ ጋ አልነበረም። ማታ 12፡45 ላይ ቡድናቸው እንግሊዝ ውስጥ ብራይተን ላይ በዓለም ዋንጫ ከጃፓን ጋር ይጫወታል። የት እናያለን አሉኝ።

ወደ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ወሰድኳቸው። ቤቱ ውስጥ ለቅሶ ቤት ያህል ተኩርፏል። አርሰናል በቼልሲ 2 ለ 0 ተሸንፎ፣ ሁለት ተጫዋች በቀይ ወጥቶበት፣ ደጋፊው ገና አልበረደለትም። ትልቁ ስክሪን ለማንችስተር ሲቲና ለዌስትሃም ተይዟል። ባለቤቱ ግን ደግ ሰው ናቸው። «እንግዶች ናቸው፤ ይሄን ያህል መንገድ መጥተው እንዴት አያዩም» ብለው ከጓዳ በኩል ያለችውን ትንሿን ቴሌቪዥን ለቀቁልን።

አዛውንቱ በዙሪያቸው ለተሰበሰቡት ልጆች ጨዋታውን ማስረዳት ጀመሩ፣ እኔ እየተረጎምኩ። ኳሱ በእጅ ወደፊት አይወረወርም፤ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ብቻ ነው። ከመጨረሻው መስመር አልፎ መሬት ያስነካ አምስት ነጥብ ያገኛል፤ ትራይ ይባላል። ከዚያ በኋላ በእግር ተመትቶ ከገባ ሁለት ይጨመራል። የቅጣት ምት ሦስት ነው። ልጆቹ በአሥር ደቂቃ ገባቸው። «ፋዘር፣ የናንተ ጠንካራ ነው?» አላቸው አንዱ። ፈገግ አሉ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ2007 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ጃፓን ደግሞ እስከዚያ ምሽት ድረስ በዓለም ዋንጫ ያሸነፈችው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፣ በ1991 ዚምባብዌን።

ዕረፍት ላይ 12 ለ 10 ነበር። ጥበቱ ነው መጀመሪያ ያስደነገጣቸው። አዩሙ ጎሮማሩ የሚባል ጃፓናዊ የቅጣት ምት በመጣ ቁጥር እጆቹን ደረቱ ፊት አጣምሮ ይቆምና ያገባል። ያን ምሽት ብቻውን 24 ነጥብ አስቆጠረ። ከዕረፍት መልስ ደቡብ አፍሪካ ይመራል፣ ጃፓን ይደርሳል። 29 እኩል ሲሆኑ የትልቁ ስክሪን ሰዎች አንገታቸውን ወደ እኛ ማዞር ጀመሩ። ሲቲ በዌስትሃም ሲሸነፍ እንኳ ግማሹ ቤት ወደ ጓዳ ዞሯል።

መጨረሻው ላይ 32 ለ 29 ደቡብ አፍሪካ እየመራ ጃፓን ቅጣት ምት አገኘች። መትቶ ማስገባት አቻ ያደርጋል። ለጃፓን ከደቡብ አፍሪካ ጋር አቻ መውጣት ራሱ ታሪክ ነው። አምበሉ ማይክል ሊች ግን አልመታም አለ። ለማሸነፍ እንጫወታለን ብሎ ኳሱን በእጅ ይዞ ለትራይ መጫወትን መረጠ። አዛውንቱ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «አበዱ እንዴ!» አሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ጀግኖች» አሉ። ሰማንያው ደቂቃ አለፈ። ራግቢ ላይ ኳሱ እስካልሞተ፣ ማለትም ከጨዋታ ውጭ እስካልሆነ ድረስ ጨዋታው አያልቅም። ጃፓኖች ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ወደ ግራ አሻገሩ። ካርን ሄስኬት ጥጉ ላይ ወደቀበት። 34 ለ 32።

ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ነበር። የኛ ሰው ታናሹ ታላቁን ሲጥል ማየት ነፍሱ ነው። ከዚያ ባለቤቱ «ተዉ እንጂ! እንግዶቹን አታዩም?» ሲሉ ሁሉም ዞሮ አያቸው።

ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ነበር የተሸነፉት። ወጣቱ አሰልጣኙን እየረገመ ውጭ ወጣ። መምህርቷ ያለቅሳሉ። አዛውንቱ ብድግ ብለው ቴሌቪዥኑ ፊት አጨበጨቡ። ልጆቹም አብረዋቸው አጨበጨቡ። ቀጥሎ ከኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ አወጡና የሦስት ጃፓን ተጫዋቾችን ስም ጻፉ፦ ሊች፣ ጎሮማሩ፣ ሄስኬት። ምን ሊያደርጉበት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ስንሸነፍ ያሸነፈንን ሰው ስም እጽፋለሁ» አሉኝ። ይኸው ነው፤ ሌላ አላብራሩም።

በማግሥቱ ወደ ስሜን ጉዞ ነበረን። ከጎንደር እስከ ደባርቅ መኪናው ውስጥ ሌላ ርዕስ አልተነሳም። ወጣቱ አሰልጣኙ ዕድሜያቸው የገፋ ተጫዋቾችን ሙጥኝ አለ ብሎ ተቆጣ። አሰልጣኙ ሄይንከ ማየር አገሩን በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ነበር፤ ለወጣቱ ግን ይቅርታው አልበቃውም። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ሁሉ እየተናደደ ነበር።

ዳባት ላይ ሻይ ስንጠጣ ነው መምህርቷ የተናገሩት። አባታቸው በዘር መድልዎ ዘመን የደቡብ አፍሪካን ቡድን ደግፈው አያውቁም። ቡድኑ ከሞላ ጎደል የነጮች ብቻ ነበር። ኬፕ ታውን ኒውላንድስ ስታዲየም ነጭ ላልሆኑት በተለየው ጥግ ቆመው ለኒውዚላንድ ነበር የሚጮኹት። አገራቸው ስትሸነፍ ቤት ውስጥ ደስታ ነበር። እሳቸውም እንደዚያ አደጉ። በ1995 ኔልሰን ማንዴላ የቡድኑን 6 ቁጥር ማሊያ ለብሰው ለአምበሉ ዋንጫ ሲሰጡ ልባቸው መለስ እንዳለ ነገሩን። ያም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልነበረም፤ ድል የማንም ሊሆን ይችላል፣ አብሮ መጨፈር ቀላል ነው አሉ። «ለዚህ ቡድን አልቅሼ ግን አላውቅም ነበር። የኔ መሆኑን ያወቅሁት ትናንት ማታ ነው።»

ወጣቱ ከዚያ በኋላ ስለ አሰልጣኙ አላነሳም።

ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ደጋፊ ሲሸነፍ የሚያዝነው የኔ ነው ስለሚል ነው። የኔ ያለውን ግን እንዴት ይሰድበዋል? ትዕግስት አሰፋን «ሁሌ ሁለተኛ» ሲሏት ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ2025 ለንደን ላይ ሴቶች ብቻ በሚሮጡበት ውድድር 2:15:50 የገባች ናት። ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ሲፋን ሀሰን በሦስት ሰከንድ ቀደመቻት፣ ቶኪዮ ላይ ጄፕቺርቺር በሁለት። በአምስት ሰከንድ ነው እንግዲህ ሁለት ወርቅ ያጣችው። መጠየቅ ያለበት የመጨረሻው ሁለት መቶ ሜትር ልምምድ ነው። ይህን የሚመለከታቸው ሰዎች ይጠየቁ፣ በደንብ ይጠየቁ። ልጅቷን ግን ተዉአት።

ካፌው ውስጥ አንድ የአዘዞ ልጅ አለ። ማለዳ ማለዳ ይሮጣል፣ ከዚያ እዚያው አስተናጋጅ ሆኖ ይሠራል። ባለፈው ሰው ሲቀንስ ስልኬን ተቀብሎ የ10 ሺህውን መጨረሻ ደጋግሞ አየ። ደወሉ ሲደወል ግሬሲየ የት ነበር፣ መታጠፊያው ላይ ማን ጋ ተጠጋ፣ መቼ ወጣ። ከተሰደበው ሁሉ ይልቅ ይህ ልጅ ያየው ለዮሚፍ የሚጠቅም ይመስለኛል። ለራሱም።

ስለ ደቡብ አፍሪካ ልጨርስ። ከብራይተን በኋላ ተነሥተው ሳሞአን 46 ለ 6 ረቱ። ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው በኒውዚላንድ 20 ለ 18 ወጡ፤ ሦስተኛ ሆኑ። ጃፓን ሦስት ጨዋታ አሸንፋም ከምድቧ አላለፈችም፣ ይህ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለቱ እዚያው ቶኪዮ ተገናኙ። ደቡብ አፍሪካ 26 ለ 3 አሸንፋ፣ በሲያ ኮሊሲ አምበልነት ዋንጫውን ወሰደች። በ2023 ደግማ ወሰደች።

ከመምህርቷ ጋር እስከ ዛሬ በዋትስአፕ እንገናኛለን። ነሐሴ ላይ በጣም ተከፍተው ነበር የጻፉልኝ። ጆሃንስበርግ ኤሊስ ፓርክ ላይ ቡድናቸው 22 ለ 0 እየመራ በአውስትራሊያ 38 ለ 22 ተሸነፈ። አውስትራሊያ እዚያ ሜዳ ላይ ስታሸንፍ እ.ኤ.አ. ከ1963 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። «እንደገና አለቀስኩ» አሉኝ። በሳምንቱ ግን ኬፕ ታውን ላይ 30 ለ 22 መለሱ።

ከዚያ መስከረም 3 ላይ ዌሊንግተን ሄደው ኒውዚላንድን 43 ለ 10 ረቱ። ኒውዚላንድ በታሪኳ እንዲህ ተሸንፋ አታውቅም። መልእክታቸው የደረሰኝ በማግሥቱ ነው፣ እኔ በዮሚፍ ተናድጄ ከካፌ ስወጣ። «ጨፈርን» ይላል። ከሥር ደግሞ፦ «አባቴ በሕይወት ቢኖር ግን ዛሬ ማንንም አያናግርም ነበር። ኒውዚላንዶቹን ሳስብ እሱ ትዝ አለኝ፣ አሳዘኑኝ።»

የኛን ነገርኳቸው። ሩጫውን ላክልኝ አሉ፣ ላክሁላቸው። አይተውት ትንሽ ቆይተው ጻፉ።

«ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ ስምንት።»

«ታዲያ ገና ነው እኮ!»