አንድ ዓይና መኪናዬ

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ዓይና መኪና ነዳሁ። የቀኙ የፊት መብራት ጨርሶ ቢጠፋ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን እንደ ጧፍ ፍዝዝ ብሎ ይበራል። በነሐሴ ዝናብ፣ ማታ ከሥራ ስመለስ ግማሹን መንገድ የምሄደው በግምት ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አምፖሉን ነው። ሶማሌ ተራ ሄጄ ኤች 4 ገዛሁ፤ ያን ባለሦስት እግሩን፣ አጭሩም ረጅሙም መብራት አንድ ላይ ያለበትን። መስታወቱን በጣት መንካት ክልክል ነው፤ የእጅ ቅባት ሲግል አምፖሉን ያበላሸዋል። በሶፍት ይዤ ቀየርኩት። ያው ነው። «ፎርጅድ ሸጠውልኝ ይሆናል» ብዬ ሌላ ገዛሁ። አሁንም ያው።

ከዚያ የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ መልቲሜትሬን፣ አወጣሁ። ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጌ፣ ሶኬቱን ከአምፖሉ ነቅዬ ለካሁ፤ 12.4። ባትሪው ላይ 12.5። ፊውዙ ደህና ነው። መብራቱን የሚያገናኘው ማብሪያ፣ ሪሌውም፣ ጠቅ ይላል። ኮፈኑን ከፍቼ ቆሜ ቀረሁ። ኤሌክትሪኩ እዚህ ድረስ ከመጣ ምን ቀረው?

ለሰፈራችን የድሮ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ደወልኩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል።

«ሶኬቱን ነቅለህ ነው የለካኸው?»

«አዎ ጋሼ።»

«አንተ ልጅ፣ ቁጭ ያለ ሰው መቼ ደከመኝ ይላል? ሰክተህ፣ አብርተህ፣ እየሠራ ለካው። ኔጌቲቩን፣ መመለሻውን ሽቦ፣ ደግሞ እየው።» ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቁኝ፤ «መብራቱን አጭር ላይ ስታደርገው ዳሽቦርዱ ላይ ሰማያዊዋ ትበራለች?»

እውነትም ያቺ የረጅም መብራት ምልክት ትበራ ነበር፣ በጣም ደብዝዛ። እኔ ዳሽቦርዱ አርጅቶ ነው ብዬ ንቄያት ነበር። ለካ ኔጌቲቩ ሲዘጋበት፣ ኤሌክትሪኩ በረጅሙ መብራት ሽቦ ዞሮ፣ በግራው መብራት በኩል መውጫ እየፈለገ ነው። ሰማያዊዋም የዚያው መስመር ተጋሪ ናት።

መልቲሜትር ከመስመሩ የሚወስደው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ አይባልም። አጭሩ መብራት ግን 55 ዋት ነው፤ አራት ተኩል አምፒር ገደማ ይፈልጋል። ቧንቧው የተደፈነ ቤትም እንደዚሁ ነው፤ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ሲቆይ ግፊቱ ሙሉ ይመስላል፣ ስትከፍተው ጠብ ጠብ።

ሶኬቱን ሰካሁ፣ መብራቱን አበራሁ። ጥቁሩን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን በሶኬቱ ጀርባ ኔጌቲቩ ሽቦ ላይ አሳረፍኩ። ዜሮ አካባቢ ማሳየት ነበረበት። 6.8 አለኝ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቮልት እመንገድ ላይ እየቀረ ነው።

ሽቦውን በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩት። ከመብራቱ ኋላ፣ ፓራፋንጎው ሥር፣ በአንዲት ብሎን ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው በሚመልሰው ቦዲ ላይ ታስሯል። በ10 ቁልፍ ፈታኋት። ከሥሯ ቀለም! ዓምና መኪናዋ ተጋጭታ ጋራዥ ስትቀባ፣ ቀለሙን ሳይፍቁ ሽቦውን ከላዩ አስረውታል። ከዚያ ዝናቡ ገባና ዝገት ጨመረበት። እንዲያው ዓመት መቆየቱ ነው የገረመኝ።

በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈግኩት። መልሼ አሰርኩ፣ ከላዩ ግሪስ ቀባሁት። ለካሁ፤ 0.05። የግቢው አጥር ላይ ሁለቱም መብራቶች እኩል አረፉ። ሰማያዊዋም ጠፋች። ሁለት ደህና አምፖል መሳቢያ ውስጥ አለኝ፣ የሚፈልግ ጎረቤት ካለ።

ለጋሼ ደወልኩ።

«ስንት አሳየህ?»

«0.05!»

«ጎሽ። ግራውስ?»

ግራውን አልለካሁም። እሱም ያን ጊዜ ነው የተቀባው። የእጅ ባትሪዬን ይዤ ተመልሼ ወጣሁ።