የተበላው ቃል

የዕለት ሪፖርት ፋይሎቻችን ስማቸው በዓመት ይጀምራል፤ ሰረዝ ይከተላል፤ ከዚያ ወርና ቀን፦ «2024-0202» እንደማለት። እኔ የጻፍኩት ኮድ ዓመቱንና ሰረዙን ያነሳና የቀረውን ወደ ቁጥር ይለውጣል። ኖቬምበር 2023 ላይ ጽፌው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያለ እንከን ሠራ፤ ጃንዋሪም በሰላም አለፈ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 201 መሆን የነበረበት ቁጥር 1 ሆኖ ተመዘገበ፤ ማንም ልብ አላለም። በማግስቱ ግን ከስሙ አንድም አሃዝ አልተረፈም። ባዶ ጽሑፍ ደግሞ ቁጥር ሊሆን አይችልምና ፕሮግራሙ ቆመ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የተጠቀምኩት ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ከጽሑፍ መጀመሪያ ምልክቶችን የሚያነሳውን ኤልስትሪፕ (lstrip) ነበር። ኤልስትሪፕ የሰጣችሁትን ጽሑፍ እንደ አንድ ቃል አያየውም። በውስጡ ያሉትን ምልክቶች እንደ ስብስብ ይይዝና፣ ከስብስቡ ውጭ የሆነ እስኪገጥመው ድረስ ከግራ በኩል ያገኘውን ሁሉ ያነሳል። «2024-» ስትሉት እሱ የሚያውቀው 2ን፣ 0ን፣ 4ንና ሰረዝን ነው። ታዲያ ከ«0202» ምን ይተርፋል? ኖቬምበርና ዲሴምበር በ1 ስለሚጀምሩ አዳኑኝ፤ ጃንዋሪ ላይ የጠፋው የፊተኛው ዜሮ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ አልተለወጠም።

የቆጨኝ ሳላነብ ቀርቼ አለመሆኑ ነው። የፓይተን ዶክመንቴሽን፣ ማለትም ይፋዊ መመሪያው፣ ለኤልስትሪፕ የሚሰጠው ጽሑፍ ቅድመ ቅጥያ (ከፊት እንዳለ የሚነሳ ቃል) እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል፤ ከዓመታት በፊት አንብቤዋለሁ። ከሥሩ ያለው ምሳሌ ግን ከአንድ የድረ ገጽ አድራሻ ፊት ሦስቱን ደብልዩዎችና ነጥቡን አንስቶ የቀረውን ያሳያል። ለምሳሌው የተሰጡት ፊደላት የተዘበራረቁ ናቸው፤ ረጋ ብሎ ያየ ሰው ከዚያ ይረዳል። የቸኮለ ዓይን ግን ውጤቱን ነው የሚያየው፤ ውጤቱ ደግሞ ቅድመ ቅጥያ ቢነሳ ከሚገኘው ጋር አንድ ነው። እኔ ጭንቅላት ውስጥ የቀረው ምሳሌው ነው፤ ማስጠንቀቂያው ተኗል።

በ2020 የወጣው ፓይተን 3.9፣ ፔፕ 616 በተባለው የቋንቋው ማሻሻያ ሐሳብ መሠረት፣ ቅድመ ቅጥያን እንዳለ የሚያነሳ ሪሙቭፕሪፊክስ (removeprefix) የሚባል ትእዛዝ ጨመረ። እኔን የበለጠ የማረከኝ አብሮት ዶክመንቴሽኑ ውስጥ የገባው ምሳሌ ነው። አንድ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ቀጥሎ አንድ ቃል ይሰጣል። መጀመሪያ ስሙን በኤልስትሪፕ ሊያነሳ ይሞክራል፤ የቀጣዩም ቃል ግማሽ አብሮ ይበላል። ወዲያው ከሥሩ ያው ጽሑፍ በሪሙቭፕሪፊክስ ሲሠራ ቃሉ ሙሉውን ይተርፋል። ይህን አስቀድሜ አይቼ ቢሆን ኖሮ ፌብሩዋሪን አልጠብቅም ነበር።

የቡድናችንን መመሪያ በዚሁ መንገድ እንደገና ጻፍኩት። አሮጌው ገጽ ላይ የነበረው በደማቅ የተጻፈ አንድ የ«ተጠንቀቁ» መስመር ነው። እሱን አውጥቼ «2024-0417»ን አስገባሁ፤ አንዴ በኤልስትሪፕ፣ አንዴ በሪሙቭፕሪፊክስ። ምሳሌዎቹን ዶክቴስት የሚባለው የፓይተን መፈተኛ እንዲያስኬዳቸውም አደረግኩ፤ ገጹ ላይ የሰፈረው ውጤት ኮዱ ከሚያወጣው ከተለየ ፈተናው ይወድቃል። ወደቀም። ለኤልስትሪፕ 417 ብዬ ጽፌ ነበር፤ 4ም ከስብስቡ ውስጥ ናትና ትክክለኛው 17 ነው። ያን ሁሉ ካየሁ በኋላ እንኳ ዓይኔ ዜሮዋን ብቻ ነበር የቆረጠው።

አሮጌውን ገጽ ለአንዲት ባልደረባዬ፣ አዲሱን ለሌላ ሰጥቼ «2024-0420 በኤልስትሪፕ ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኩ። እሷ 0420 አለች። እሱ አሃዞቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ሄደና «ምንም አይቀርም» አለ። በሁለት ሰው ብዙ መናገር አይቻልም፤ እሱ ቀጥሎ ያነሳው ጥያቄ ግን ጠቀመኝ፦ «ከቀኝ የሚቆርጠውስ? የፋይል ቅጥያ የምናነሳበት?»

ከቀኝ የሚቆርጠው አርስትሪፕም (rstrip) ያው ነው። ኮዳችን ውስጥ ፈልጌ ሦስት ቦታ አገኘሁት። ሦስቱንም አስተካክያለሁ፤ አሁን ምሳሌውን እየጻፍኩ ነው።