ስድስት ሰዓት ላይ የሚከፈተው ምሳ ዕቃ

ድሬዳዋ ውስጥ ሳቢያን ከሚገኘው ቤታችን ከዚራ አካባቢ እስካለው መሥሪያ ቤቴ ድረስ በባጃጅ ሩቅ ባይሆንም፣ በቀትር ፀሐይ ቤት ደርሶ መመለስ ገንዘብም ጉልበትም ይጨርሳል። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ ትንሿ ልጄ ሙሉ ቀን መማር ስትጀምር፣ ለእርሷ፣ ለታላቅ ወንድሟና ለራሴ በየማለዳው ሦስት ምሳ ዕቃ መቋጠር ጀመርኩ። ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ያደግኩት ሐረር ሲሆን፣ እናቴ ጠዋት የቋጠረችልንን የሽሮ ፍርፍር ቀትር ላይ ከፍተን በልተን አንድም ቀን ክፉ ነገር አላየንም፤ ስለዚህ እርሷ ታደርግ የነበረውን አንድ በአንድ ደገምኩት።

እስከ መጋቢት ድረስ ነገሩ ያለ ብዙ ችግር ሄደ። ግንቦት ሲገባ ግን አንድ ቀን ልጄ ምሳ ዕቃዋን እንዳለ ይዛ ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «አቦ፣ እማዬ፣ ይሄ ነገር ይሸታል» አለችኝ። ስከፍተው የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ በላብ የተጠመቀ ይመስል በውኃ ጠብታ ተሞልቷል፤ ፍርፍሩም ከላዩ አብረቅርቆ፣ በጣት ሲነካ ይለጠጣል፤ ሽታው የእንጀራ ኮምጣጣነት ሳይሆን ሌላ ዓይነት ነበር። ወንድሟ ግን ርቦት ኖሮ ግማሹን በልቶ ስለነበር ሌሊቱን ሆዱን ይዞ አደረ። በማግስቱ እናቴ ጋር ደወልኩ።

«ልጄ፣ ትኩሱን ነው እንዴ የዘጋሽው?» አለችኝ።

«አንቺም እኮ ትኩሱን ነበር የምትዘጊልን።»

«ታዲያ ሐረርና ድሬ አንድ ነው? ድሬ እኮ ራሱ ምድጃ ነው።»

የእናቴ መልስ ቀልድ ቢመስልም ጉዳዩን በትክክል የሚያስረዳ ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ ደንገጎን ቁልቁል ወርደን የምናገኛት ድሬዳዋ ደግሞ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀን ሙቀቷ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ማለፉም የተለመደ ነው። ምግብ የሚያበላሹና የሚያሳምሙ ጀርሞች በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው የሙቀት መጠን ውስጥ በመሆኑ፣ የበሰለ ምግብ በዚህ መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመከራል፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት መብለጥ የለበትም። እኔ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አብስዬ፣ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ዘግቼ፣ ልጆቹ ስድስት ሰዓት ላይ ሲከፍቱት ምግቡ ይህን ሁሉ ጊዜ ያሳለፈው ለብ እንዳለ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ «ዛሬ ምን ልሥራ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ይህ ምግብ ስድስት ሰዓት ላይ ምን ይመስላል?» የሚለውን መጠየቅ ጀመርኩ፤ የማበስላቸው ምግቦች ዝርዝርም ከሥር መሠረቱ ተለወጠ።

የተረዳሁት ነገር ቢኖር ምሳው ወይ የምር ትኩስ፣ ወይ የምር ቀዝቃዛ መሆን እንዳለበት ነው። ለትኩሱ አፈ ሰፊ የምግብ ፔርሙዝ ገዛሁ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ምግቡን በቀጥታ ስጨምርበት ቀትር ላይ ለብ ብሎ ይገኝ ነበር፤ ምክንያቱም የፔርሙዙ ቀዝቃዛ ግድግዳ ራሱ ሙቀቱን ይጠጣዋል። አሁን በፈላ ውኃ ሞልቼው አሥር ደቂቃ ካቆየሁ በኋላ ውኃውን ደፍቼ፣ እየተንተከተከ ያለውን ፉል ወይም የምስር ወጥ እስከ አፉ እሞላዋለሁ፤ እንጀራው ወይም ዳቦው ለብቻው ይያዛል። ለቀዝቃዛው ደግሞ ግማሽ ሊትር የምትይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ከአፏ ትንሽ ጎደል አድርጌ ውኃ ሞልቼ ማታ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጠዋት በረዶ የሆነችው ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልላ ከምሳ ዕቃው ጎን ቦርሳ ውስጥ ትገባለች፤ ቀትር ላይ ቀልጣ ቀዝቃዛ መጠጥ ትሆናለች። ፎጣውን የረሳሁ ዕለት የልጄ ደብተር በሙሉ ረጥቦ መምህሯ ጠርታኛለች።

ሩዝ ለብቻው መነሣት አለበት፤ ምክንያቱም በእኛ ከተማ ሩዝ የማይበላ ቤት የለም፣ ብዙዎቻችንም የማታውን ሩዝ ጠዋት አሙቀን እንቋጥራለን። ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ በደረቅ ሩዝ ውስጥ የሚገኙ ስፖሮቹ፣ ማለትም ሙቀትን የሚቋቋሙ ዘር መሰል ቅርጾቹ፣ ሩዙ ሲቀቀል አይሞቱም፤ የበሰለው ሩዝ ድስት ውስጥ ለብ እንዳለ ሲያድር ተራብተው መርዝ ያመነጫሉ፤ ይህ መርዝ ደግሞ ምግቡ እንደገና ስለተሞቀ አይጠፋም። እኔ ሩዝን ከልጆቹ ምሳ ዕቃ ሙሉ በሙሉ አውጥቼዋለሁ። በጥንቃቄ አቀዝቅዞ መያዝ እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጠዋት በጥድፊያ ላይ ሆኜ ራሴን አላምንም።

ቤታችን ውስጥ ፍርፍሩን ተክቶ ዋናውን ቦታ የያዘው አዚፋ ነው። ድፍን ምስሩን ማታ እቀቅለዋለሁ፤ በጣት ሲጫኑት የሚፈርጥ፣ ነገር ግን ቅርጹን ያለቀቀ መሆን አለበት። ውኃውን አጥልዬ ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ እዘረጋዋለሁ፤ ትሪው ላይ ያለው ሩብ ሰዓት ሳይሞላው እንፋሎቱ ሲያልቅ፣ ድስት ውስጥ የተተወው ግን እስክንተኛ ድረስ እንደሞቀ ይቆያል። ከዚያ ሲሶውን በሹካ ጨፍለቅ አድርጌ፣ በጨው ታጥቦ ምሬቱ የወጣለት ቀይ ሽንኩርት፣ የደቀቀ ቃሪያ፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ዘይትና በሻይ ማንኪያ ጫፍ ሰናፍጭ ጨምሬ አሸዋለሁ፤ ፍሪጅ ውስጥም ያድራል። ጠዋት እንጀራውን ዓይኑን ወደ ላይ አድርጌ ዘርግቼ፣ አዚፋውን መሐሉ ላይ አስተኝቼ፣ ጠበቅ አድርጌ ጠቅልዬ በቢላ ሦስት ቦታ እቆርጠዋለሁ። ቲማቲም መጨመር ትቻለሁ፤ ውኃ እየለቀቀ እንጀራውን ስለሚያበሰብሰው አሁን ሳይቆረጥ እንዳለ ከጎን ይቀመጣል። የሎሚውና የእንጀራው ኮምጣጣነት ጀርሞች እንዳሻቸው እንዳይራቡ ያግዛል፤ የበረዶዋን ጠርሙስ ግን አይተካም። ወንድ ልጄ ሰናፍጩ አፍንጫውን ስለሚያቃጥለው የእርሱ ድርሻ አስቀድሞ ይወጣለታል።

ያልጠበቅኩት ነገር የመጣው ከምሳ ሰዓቱ ራሱ ነው። ልጆች ምሳ ዕቃቸውን ገጥመው እንጂ ለየብቻ አይበሉም። አንድ ቀን ደስ እንዲላት ብዬ የበሬ ጥብስ ቋጥሬላት፣ ማታ «ማንም አልቀመሰልኝም» ብላ አኩርፋ ጠበቀችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሥጋ በእኛ ዘንድ እንደየሃይማኖቱ የሚታረድ በመሆኑ፣ ከአምስቱ ጓደኞቿ ሦስቱ ሙስሊሞች የሆኑባት ልጅ ጥብስ ይዛ ስትቀርብ ብቻዋን ትበላለች፤ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የሚጾሙትም ይሸሹት ነበር። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቀን ሥጋ አልቋጥርም። አዚፋ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንችና የተቆላ ኦቾሎኒ ማንም እጁን የሚሰድባቸው ምግቦች ናቸው፤ መጠኑንም ለጉርሻ የሚሆን ግማሽ እንጀራ ጨምሬበታለሁ። በቅርቡ ምሳ ዕቃዋን ሳጥብ ሁለት የተምር ፍሬ አገኘሁ፤ እኛ ቤት በዚያ ሰሞን ተምር አልነበረም።

የሳምንቱን ግዢ ቅዳሜ ጠዋት ቀፊራ ወርጄ እፈጽማለሁ፤ ከሐሮማያ በኩል የሚመጣው ካሮትና ጥቅል ጎመን፣ የባቢሌው ኦቾሎኒ፣ የኤረሩ ብርቱካን በአንድ ዙር ይገኛሉ። ከፍራፍሬ ሳይላጥ የሚያዝ ይሻላል፤ በአንድ ወቅት ፓፓያ ቆርጬ ከዳቦ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ አድርጌ፣ ፓፓያው አንብቶ ዳቦው ማንኪያ የሚፈልግ ሆኖ ደርሷል። ብርቱካኑን ከምስር ጋር የማደርገው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በምስርና በጤፍ ውስጥ ያለውን የብረት ንጥረ ነገር ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም፣ ቫይታሚን ሲ ግን እንዲወስደው ያግዘዋል። በተቃራኒው ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ያግዱታል፤ ይህን ካወቅኩ ወዲህ የቢሮውን ሻይ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አዘገየዋለሁ። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት በድሬ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ትንሽ መሥዋዕትነት አይደለም። ለስላሳ መጠጥን በተመለከተ ከልጆቹ ጋር ብዙ አልተከራከርኩም፤ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን 30 ግራም ያህል ስኳር በማንኪያ እየሰፈርኩ ብርጭቆ ውስጥ ሳሳያቸው፣ ቢያንስ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለመተው ተስማሙ።

እስካሁን መላ ያላገኘሁለት የመብራት ነገር ነው። ማታ ጠፍቶ ካደረ በረዶዋ ጠርሙስ የለችም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያደረውንም አዚፋ አላምነውም። ምሳ ዕቃውን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልዬ ሞክሬያለሁ፤ የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ጨርቁ ሲደርቅ ዕቃውን በመጠኑ ያቀዘቅዘዋል፣ ለበሰለ ምግብ ግን የሚበቃ አይደለም። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ምድጃም ሳልለኩስ፣ ከጥጉ ሱቅ ዳቦ አስመጥቼ በለውዝ ቅቤ ቀብቼ፣ ብርቱካንና ያልተቆረጠ ካሮት ጨምሬበት ሦስታችንም በጊዜ እንወጣለን።